መርከበኛው ወደብ ሲወርድ፦ ባሕር በሌለበት አገር የሚኖር የባሕር ትዝታ

አሶሳ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል እንጂ ወደብ አይገጥመውም፤ የክልሉን ምድር እያረሰረሱ የሚወርዱት ዳቡስና በለስም ከዐባይ ጋር ተዋሕደው፣ በረሓውን ሁሉ አቋርጠው ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባሉ እንጂ፣ የጥንት መጻሕፍት ባሕረ ኤርትራ ብለው ወደሚጠሩት ቀይ ባሕር አይደርሱም። ይሁን እንጂ በዚህች በቀርከሃና በማንጎ በተከበበች ከተማ፣ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው ከወሎና ከሌላውም የኢትዮጵያ ምድር ከመጣው ሰፋሪና ሠራተኛ ጋር አብሮ በሚኖርበት በዚህ አገር፣ የምጽዋን ሙቀት፣ የመርከብን ደወል፣ የባሕር ማዶን ከተማ የመጀመሪያ ምሽት የሚተርክ ሽማግሌ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከወሎ ወደ አሶሳ አካባቢ ሄዶ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በምድርም በባሕርም በሰማይም ያገለገለው ወታደር ዘመድ ወዳለበትና እህል ወደሚገኝበት ሁሉ ሄዷል። ስለዚህ ባሕሩን የሚያውቁት ኢትዮጵያውያን ዛሬ የሚኖሩት ባሕር በሌለበት ምድር ነው።

በታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ዘመቻ፣ ስለ አዝማችና ስለ ድል ብዙ ተጽፏል። መርከበኛ ከመርከቡ ወርዶ በባዕድ ወደብ ስለሚያሳልፋት አንዲት የዕረፍት ቀን ግን እምብዛም የተጻፈ የለም፤ ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የሚበቃ፣ ለታሪክ ግን የማይመጥን ሆኖ ስለሚታይ ነው። እኔ ግን እምነቴ ከዚህ የተለየ ነው። ወታደር በጦር ሜዳ የሚያገኘው ባዕድ ወይ ጠላቱ ነው፣ ወይ የጦር ጓደኛው ነው፤ በወደብ ከተማ የሚያገኘው ግን ዳቦ ሻጩን፣ ጀልባ ቀዛፊውን፣ ልጅ ያዘለችውን እናት፣ በደጁ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከተውን አረጋዊ ነው። ሕዝብ ከሕዝብ ጋር በሰውነቱ ብቻ፣ ያለ መድፍና ያለ ውል የሚተዋወቅበት ዕለት ቢኖር ይህች የፈቃድ ዕለት ናትና፣ ትዝታዋ እንደ ተራ ወሬ ባክኖ መቅረት የለበትም።

የወደብ ፈቃድ የራሱ ሥርዓት አለው። መርከብ መልሕቁን ጥሎ ወይም ከወደቡ ግንብ ጋር ታስሮ በቆመ ጊዜ እንኳ ፈጽሞ ባዶውን አይተውም፤ እሳት ቢነሣ፣ ነፋስ ቢበረታ፣ ገመድ ቢበጠስ የሚደርስለት ሰው ያስፈልገዋልና፣ መርከበኞቹ በተራ ተከፍለው ከፊሉ ዘብ ሆኖ ሲቀር ከፊሉ ይወርዳል። የሚወርደውም እንዲያው አይሄድም፤ ተሰልፎ ልብሱ፣ ጫማው፣ ጠጉሩ ይታያል፣ የመመለሻው ሰዓት ይነገረዋል፣ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል። በሰዓቱ ያልተመለሰ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ መርከቡ ጥሎት ከወደብ ከተነሣማ ጥፋቱ ከኩብለላ የማይተናነስ ይሆናል።

በአሶሳ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በቡና ላይ ያገኘኋቸው አንድ የቀድሞ ባሕረኛ ይህን ሥርዓት በዙሪያቸው ለተቀመጡት ወጣቶች ለማስረዳት ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ስኒዎቹን በሁለት መስመር ደረደሯቸው። «ይህኛው ሰልፍ ይወርዳል፣ ይህኛው ይቀራል፤ ነገ ደግሞ የቀረው ይወርዳል» አሉ። ቀጥለውም አንዲት ስኒ ብቻዋን ከረከቦቱ ጠርዝ ላይ አቆሙና፣ «ይህ ሲዝናና ያመሸው ነው፤ ጀልባው ትቶት ሄዷል» ሲሉ ወጣቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ ወደብ ስትወርዱ ግን መጀመሪያ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «መጀመሪያማ ልጄ፣ መሬቱ ይወዛወዝብሃል። ብዙ ቀን ባሕር ላይ የሰነበተ እግር ደረቅ መሬትን ወዲያው አያምነውም። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ትፈልጋለህ። ከዚያ ደግሞ ፖስታ ቤቱ የት እንደሆነ ትጠይቃለህ፤ ለእናትህ ‹ደርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ› ብለህ ስትጽፍ ያን ጊዜ ነው ልብህም ከመርከቡ የሚወርደው» አሉ። ስለ መርከበኛ ሲወራ አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው መጠጡና ጭፈራው ነው፤ እሳቸው ግን አስቀድመው ያስታወሱት ውሃና ደብዳቤ ነበር።

ኢትዮጵያና ወደብ የተዋወቁት በእኛ ዘመን አይደለም። በዙላ ሰላጤ አጠገብ የነበረችው አዱሊስ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር ሆና የዝሆን ጥርስና ወርቅ ስትልክ፣ የሮምን፣ የግብፅን፣ የዐረብንና የህንድን መርከቦች ስትቀበል ኖራለች፤ በስድስተኛው ምእት ዓመትም ዐፄ ካሌብ በደቡብ ዐረብ ወደነበረው ወደ ሒምያር መንግሥት የዘመተው በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ ነው። ከዚያም በፊት፣ ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ ገና ብላቴኖች ሳሉ የተሳፈሩባት መርከብ ውሃና ስንቅ ልትይዝ ወደ ዳርቻ በቀረበች ጊዜ በእርስዋ ላይ አደጋ ወደቀ፤ ሁለቱ ብላቴኖች ግን በሕይወት ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ፤ ፍሬምናጦስም በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። በሰባተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያም የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ያንኑ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ንጉሥ በመጡ ጊዜ መጠጊያ አግኝተዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእምነቱን ጥንተ ነገር ሲተርክ መርከብ፣ ዳርቻና እንግዳ የሚቀበል ሕዝብ ከትረካው አይለዩም። በሐዋርያት ሥራም ቢሆን ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በተሰበረች ጊዜ፣ በእርስዋ የነበሩት 276 ነፍሳት በመላጥያ ደሴት ሲወጡ በዝናብና በብርድ መካከል እሳት አንድደው የተቀበሏቸው የማያውቋቸው የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ። ወደብ የሕዝብ ጠባይ የሚፈተንበት ደጅ መሆኑን እነዚህ ሁሉ ይመሰክራሉ።

የዘመናዊው የባሕር ኃይላችን ታሪክ የሚጀምረው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ነው። ረጅም የባሕር ዳርቻ ያገኘው መንግሥት ዳርቻውን የሚጠብቅ ኃይል ያስፈልገው ነበርና፣ በ1947 ዓ.ም. ግድም የባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ የኖርዌይ መኮንኖችና የቀድሞ የእንግሊዝ ባሕረኞችም በማደራጀቱና በማስተማሩ ሥራ ረድተዋል። በ1948 ዓ.ም. በአስመራ የተከፈተው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችን ከአራት ዓመት በላይ በሚፈጅ ትምህርት ያሠለጥን ነበር፤ ዋናው የጦር ሰፈር በምጽዋ ሆነ፤ በአሰብም የመርከብ መጠገኛ ተቋቋመ። በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያገለገለች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ኦርካ የተባለች የአሜሪካ መርከብ ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ስምዋ «ኢትዮጵያ» ተባለ። ይህች ሐመር የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መለማመጃ ሆና ብዙ ዓመት አገልግላለች። ከደጋ የመጣ፣ ከትልቅ ውሃ ጣናን ወይም የወሎውን ሐይቅ እንጂ ሌላ ያላየ ወጣት ነጭ ልብስ ለብሶ፣ የአገሩ ስም በተጻፈበት መርከብ ላይ ቆሞ ወደ ሰፊው ባሕር ሲወጣ የተሰማውን ስሜት መገመት አያዳግትም።

ለእነዚህ ባሕረኞች ምጽዋ ቤታቸውም ወደባቸውም ነበረች። ከተማይቱ በደሴቶችና በየብስ ላይ ተከፍላ የተሠራች ናት፤ ደሴቶቿ በድልድይ መንገድ የተያያዙ፣ ጥንታውያን ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተገነቡ፣ በረንዳዎቿም የኦቶማን ቱርኮችን ዘመን የሚያስታውሱ ናቸው። በበጋዋ ወራት ሙቀቷ እጅግ ብርቱ ነውና ሕዝቡ ቀኑን ተጠልሎ ውሎ ሲመሽ ይወጣል፤ ሰውም ከቤት ውስጥ ይልቅ በደጅና በሰገነት መተኛትን ይመርጣል። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ግን ከተማይቱ ሌላ መልክ ትይዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ተመራቂ መኮንኖችን ይሸልማሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች በእንግድነት መጥተው በአንድ ወደብ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ እነዚህ መንግሥታት በቀረው ዓለም በክፉ ዓይን የሚተያዩ፣ የኑክሌር መሣሪያ ያጠመዱ ነበሩ፤ በምጽዋ ጎዳና ላይ ግን መርከበኞቻቸው በአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ይተላለፋሉ። ይህን ያየ ወጣት ኢትዮጵያዊ መርከበኛ በዘመኑ የነበረውን የዓለም ጠብ ከሬዲዮ ብቻ ሳይሆን ከሰዎች ፊት አንብቦታል።

ከምጽዋ ሙቀት ለጥቂት ቀን መውጣት የሚፈልግ ፈቃድ ሲያገኝ ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ጣልያኖች የሠሩት የምድር ባቡር ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በገደልና በዋሻ፣ በብዙ ድልድይ ላይ እየተጠማዘዘ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ መንገደኛው ጧት ላብ ያጠመቀውን ሸሚዝ ትቶ ከሰዓት በኋላ ካፖርት ይሻል። በአስመራ የኮምቢሽታቶ ጎዳና የማታ ሽርሽር፣ ማኪያቶና ካፑቺኖ የሚቀርብባቸው ቡና ቤቶች፣ ሲኒማዎቹና አብያተ ክርስቲያኑ ነበሩ፤ በኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም ቃኘው የተባለው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈርም በዚያው ነበረ። በባሕርና በደጋ መካከል የተደረገው ይህ መውጣትና መውረድ የባሕር ኃይሉን ሰው ከሌላው ወታደር የተለየ ልማድ ሰጥቶታል፤ እርሱ በአንድ ቀን ሁለት የአየር ጠባይ፣ በአንድ ሳምንት ብዙ ቋንቋ የሚሰማ ሰው ነበር።

የባሕር ማዶ ዕረፍትን ትዝታ ስናነሣ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾችን መተው አይቻልም፤ እነርሱ የእግረኛ ወታደሮች እንጂ ባሕረኞች ባይሆኑም፣ ከባሕር ኃይላችን ቀድመው በወደብ ወርደው ሩቅ ዓለምን ያዩ የዘመናችን ኢትዮጵያውያን ናቸው። ስማቸው ልዑል ራስ መኰንን በዐድዋ ጦርነት ከተቀመጡበት ፈረስ ስም የተወሰደው እነዚህ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍረው፣ ከሳምንታት የባሕር ጉዞ በኋላ በወሩ መጨረሻ ከደቡብ ኮሪያ ወደብ ከፑሳን ደረሱ። የዘማቹ ኃይል አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። በተከታታይ የዘመቱት ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ከ6,000 በላይ ዘማቾች መካከል ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ ለጠላት እጁን የሰጠ ግን አንድም አልነበረም።

በተባበሩት መንግሥታት ጦር ደንብ መሠረት ከግንባር ለተመለሰ ወታደር የአምስት ቀን ዕረፍት በጃፓን ይፈቀድ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ጃፓን ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ከተቃጠሉ ገና ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናት፣ ከፍርስራሽዋ ላይ ፋብሪካና መንገድ በመሥራት ላይ የነበረች አገር ናት። ከተራራ ምሽግ ውርጭ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በቶኪዮ ጎዳና የቆመ የኢትዮጵያ ገበሬ ልጅ ያየው ተድላውን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ከሽንፈትና ከአመድ እንዴት ተነሥቶ እንደሚሠራ አይቷል። እነዚሁ ዘማቾች በኮሪያ ወላጆቻቸውን በጦርነት ላጡ ሕፃናት ቦህዋዎን የተባለ ማሳደጊያ ማቋቋማቸው ደግሞ፣ በባዕድ ምድር የዋለ ወታደር ለመቀበል ብቻ ሳይሆን ለመስጠትም እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የተባለው ቦታ ስሙን ከእነርሱ አግኝቷል።

ነገር ግን ትዝታ ሠናዩን ብቻ መርጦ የሚይዝ ከሆነ ምስክርነቱ ጎዶሎ ይሆናል። የወደብ ከተማ በመርከበኛ ደመወዝ ትኖራለች፤ ስለዚህም መርከቡ ሲቆም መሸታ ቤቱ ይበራል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ ድህነት ያስገደዳት ሴትም ደጅ ትቆማለች። ብዙ ወር የተጠራቀመ ደመወዝ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ በስካር የተነሣ ጠብ ይከተላል፤ በሽታ ይዞ የሚመለስ አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን አባቱን በስምና በመርከብ ቀለም ብቻ እያወቀ የሚያድገው ልጅና እርሱን ብቻዋን የምታሳድገው እናት ዕጣ ነው። ይህ በምጽዋም በጅቡቲም፣ በኮሪያም በጃፓንም፣ የውጭ ጦር በሠፈረበት ሁሉ የታየ ነው። መርከበኛው ሲያስታውስ «ደስ ይል ነበር» የሚለውን ያንን ሌሊት ከደጁ ሆና ያየችው ሴት በሌላ ቃል ልታስታውሰው ትችላለች፤ ስለዚህ የወደብ ታሪክ በቅን ኅሊና ይጻፍ ከተባለ የሁለቱም ድምፅ መሰማት አለበት።

አሶሳ ራስዋ የውጭ ወታደርን እግር ያየች ከተማ ናትና ይህን ልትረዳ ትችላለች። በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣልያንን ለማባረር በተደረገው ጦርነት ከኩርሙክ በኩል የገባው የተባበረ ጦር አሶሳን ያዘ፤ በዚያ ጦር ውስጥ ከቤልጅክ ኮንጎ የተመለመሉ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከኮንጎ ደን ተነሥተው የሱዳንን ሰፊ ምድር አቋርጠው፣ ቀጥለውም ወደ ጋምቤላና ወደ ደምቢ ዶሎ ዘምተው፣ በዚያው ዓመት ክረምት የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ በደምቢ ዶሎ እጁን ሲሰጥ በስፍራው ነበሩ። የወላጆቻቸው አገር ሩቅ፣ ቋንቋቸው ሌላ፣ የሚዋጉበትም ምክንያት በሌሎች የተወሰነ ነበር። ለእነርሱ አሶሳና ደምቢ ዶሎ ባሕር የሌላቸው ወደቦች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ወታደር ስለ ፑሳን ሲተርክ የሚያዳምጥ የአሶሳ ሰው፣ ኪንሻሳ ወይም ኪሳንጋኒ ውስጥም ስለ አሶሳ የተረከ ሽማግሌ ኖሮ እንደሚሆን ቢያስብ ዓለመ ሰብእ ምን ያህል የተያያዘ እንደሆነ ያስተውላል።

የባሕር ኃይላችን ፍጻሜ በሐዘን የተሞላ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅና የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ ሁለት የጦር ፍሪጌቶች፣ ሚሳይል ተኳሽ ጀልባዎችና የማራገፊያ መርከቦች ከዚያ መጡ፤ ወጣት ባሕረኞችም ለትምህርት ወደ ሩቁ ሰሜን ሄዱ። በኤርትራ የተካሄደው ረጅም ጦርነት ግን የወደቡን ሕይወት ቀስ በቀስ አጠፋው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ከተማይቱ ብዙ ፈርሳ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አልቆ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትያዝ የቀሩት መርከቦች ባሕረኞችን አሳፍረው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረብ ሸሹ። ያ ጉዞ በባሕረኛ ታሪክ ውስጥ የመመለሻ ሰዓቱ ያልተነገረ ወደብ መውረድ ነበር፤ ተመልሶ የሚሳፈርበት መርከብ ቢኖርም የሚመለስበት ወደብ አልነበረውም። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ በየመን ቆይታ ለብረት ፍርፋሪ ተሸጠች፤ ኋላ ወደ ጅቡቲ የሄዱት የቀሩት መርከቦችም በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ በሐራጅ ተሸጡና የባሕር ኃይሉ ፈረሰ። ኤርትራም በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ባሕር ዳርቻ ቀርታ ነበር።

ስለዚህ የቀድሞዎቹ ባሕረኞች ትዝታ ከሌላው ወታደር ትዝታ ይልቅ የከበደ ሸክም አለው። የጎንደር ወይም የሐረር እግረኛ ወታደር ያገለገለበትን ቦታ ሄዶ ሊያየው፣ የልጅ ልጁን ወስዶ «እዚህ ነበርሁ» ሊለው ይችላል፤ ባሕረኛው ግን ያደገበት ወደብ የሌላ አገር ነው፣ ያገለገለባት መርከብ ተቆራርጣለች፣ ማዕርጉን የሚያውቅለት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመት አልነበረም። የቀረለት ቃሉ ብቻ ነው። ቃል ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የባሕር ሕይወት ግን ከኢትዮጵያውያን ፈጽሞ አልተለየም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ወራሾች የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦችን እስከ ዛሬ በባሕር ላይ ያሠማራሉ፤ በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛም የምሕንድስና ምሩቃንን አሠልጥኖ በውጭ አገር መርከቦች ላይ እንዲሠሩ ይልካል። በ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሣይ የባሕር ኃይልን እንደገና ለማቋቋም የትብብር ስምምነት ተፈራርመዋል። ዛሬ ከደጋም ከቆላም የሚወጣው ወጣት መርከበኛ ግን የአባቶቹን ያህል ወደብ አይወርድም። ዕቃ በኮንቴይነር በሚጫንበት በዚህ ዘመን መርከብ በወደብ የሚቆመው ለቀናት መሆኑ ቀርቶ ለሰዓታት ነው፤ ወደቦቹም ከከተማ ርቀው በአጥር የተከለሉ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መርከበኛ ለጤናውና ለደኅንነቱ ሲባል ወደብ የመውረድ ፈቃድ እንዲሰጠው ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ወደ 400,000 የሚጠጉ የዓለም መርከበኞች የአገልግሎት ጊዜያቸው አልቆ ሳለ ከመርከባቸው መውረድ ተከልክለው ለወራት በባሕር ላይ ቀርተው ነበር። የፈቃድ ቀን የቅንጦት ነገር አለመሆኑ፣ የሰው ነፍስ የሚያርፍባት ሰንበት መሆንዋ ያን ጊዜ ለዓለም ሁሉ ተገለጠ።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድርም ዛሬ አዲስ ነገር ታይቷል። በጉባ፣ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከኋላው ንጋት ሐይቅ የተባለ፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝና 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ምድርን የሚሸፍን ሰፊ ውሃ ተኝቷል። ቀድሞ ጫካና ሸለቆ በነበረበት ስፍራ ዛሬ ደሴቶች ብቅ ብለዋል፤ ጀልባ ያስፈልጋል፣ ዓሣ አጥማጅ ይሠማራል፣ የወደብ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ገመድ እንዴት እንደሚታሰር፣ ነፋስ ሲነሣ ምን እንደሚደረግ፣ በመርከብ ላይ ተራና ዘብ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቁት አረጋውያን በየመንደሩ ሳሉ፣ ይህን ዕውቀት ከእነርሱ ሳንጠይቅ ከባዕድ ብቻ መማር ትልቅ ብክነት ይሆናል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ የትምህርት ተቋሞቻችን፣ የየሰፈሩ ወጣትም ሆነ በየቤቱ ያለ ልጅ፣ አንድ የቀድሞ ባሕረኛ ወይም የባሕር ማዶ ዘማች በአጠገቡ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቀው፤ የመርከቡን ስም፣ የወረደባቸውን ወደቦች፣ በዚያ የተቀበለውን ሰው፣ የበላውን፣ የተማረውን ቃል፣ ያፈረበትን ነገርም ጭምር ይጻፍለት። የምጽዋንና የአሰብን ሰዎች፣ ከእነዚያ መርከበኞች ጋር የኖሩትን እናቶችም በምንችለው ሁሉ እንጠይቅ። መዝገቡ ሲሰበሰብ የጦርነትን ታሪክ ከመሙላቱም በላይ፣ ኢትዮጵያዊው በባዕድ ደጅ ሲቆም ምን ዓይነት እንግዳ እንደነበረና እኛም እንግዳ ሲመጣብን ምን ዓይነት ሕዝብ ልንሆን እንደሚገባን ያስተምረናል። የጥያቄው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ በምጽዋ የፈቃድ ሰልፍ ላይ በወጣትነታቸው የቆሙት ዛሬ አብዛኞቹ ስድሳን፣ ሰባን፣ ሰማንያን የተሻገሩ ናቸውና።